ያደረ መርዶ ይዤ ወደ ባሕር አንበሶች ሆስፒታል

ባሕር በሌለበት አገር የባሕር አውሬ ታሞ፣ ሐኪም ቆሞለት አየሁ ብል የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ እንኳ፣ ሁላችንም የእንስሳት ሐኪሞች ሆነን ሳለ፣ ስነግራቸው ተያይተው ሳቁ። ስለዚህ ያየሁትን ቀን በቀን ጽፌ ማስቀመጥ መረጥኩ። ከተመለስኩ ሁለት ወር አልፎኛል፤ ድንጋጤው ግን ገና ከትከሻዬ አልወረደም።

መንገዱ የመንግሥት ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። መሥሪያ ቤታችን ስለ ከብት በሽታ ጄኔቭ ላይ በሚደረግ ስብሰባ ሦስት ሰው ላከ፤ አንዱ እኔ ሆንኩ። በሻንጣዬ ደስታ ስለሚባለው የከብት ገዳይ በሽታ የተጻፈ ሪፖርት ይዣለሁ፤ በሆዴ ደግሞ መርዶ።

የመርዶውን ነገር ላስረዳ። እናቴ ልጅ ሳለሁ ስላረፈች ያሳደገችኝ አክስቴ ወይዘሮ ዘነበች ናት። አንድ ልጅ አላት፣ ስዩም። ስዩም በአብዮቱ መጀመሪያ በሱዳን በኩል ወጥቶ ዙሪክ ገባ። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችምና ደብዳቤዋን የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። ግማሽ ገጹ ሮሮ ነው፦ ጉልበቷ፣ ወገቧ፣ የጎረቤቷ ዶሮ፣ የቀበሌው የስኳር ሰልፍ። ሰልፉን እኔ እዘለው ነበር፤ ደብዳቤ እንደሚከፈት የማያውቅ የለም። የቀረውን ግን አንድም ሳላስቀር እጽፍላታለሁ፤ ካስቀረሁ አስነብባ ታውቅብኛለች።

ይህች አክስቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በቀብሯ ማግስት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። በሰው አገር ብቻውን ቢሰማ ምን ይውጠዋል፣ ማን ይደግፈዋል ተባለ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም፤ ሰው እስኪሄድ ይቆይ ተባለ። የመውጫ ቪዛ እንደ ሰማይ በራቀበት ዘመን ሰው እስኪሄድ ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ ያሰበ አልነበረም። እስከዚያው ልጁ እንዳይጠረጥር ደብዳቤው አይቋረጥ ተባለና ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

ጻፍኩ። ሮሮዋን ግን ብዕሬ እምቢ አለ። አፈር የተጫናትን ሴት አሞኛል ማሰኘት ኃጢአት መሰለኝ። ስለዚህ «እኔ እጅግ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ፈጽሞ ተሽሎኛል፣ አታስብ» እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ በሟች ስም ጻፍኩ። እሱም ይመልሳል፦ «እኔም ደህና ነኝ፣ ሥራዬ ሆስፒታል ነው።» ይህችን ሆስፒታል የምትል ቃል አክስቴ በሕይወት ሳለች በሰፈሩ ሁሉ አዳርሳት ነበር። ልጄ ሐኪም ሊሆን ምንም አልቀረው ትላለች። ስነሣ ሁለት ጎረቤቶች የአስም መድኃኒት ከስዩም ዘንድ እንዳመጣላቸው አደራ አሉኝ።

ረቡዕ

አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ወታደር ሪፖርቴን ገጽ በገጽ ገለጠው። ስለ ከብት ተቅማጥ የሚያወራውን ክፍል ረጅም ጊዜ አነበበና «ይህ ምን ማለት ነው?» አለኝ። አስረዳሁት። ለስዩም የያዝኩትን ሽሮ በጣቱ ወጋ ወጋ አድርጎ አሳለፈኝ።

ጄኔቭ ስደርስ ሻንጣዬን ሳልጠየቅ ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ ከፈትኩት። ባለሥልጣኑ አላየኝም። ቆሜ ጠበቅኩት። በእጁ እለፍ አለኝ። ያ ሁሉ ማሰርና መፍታት ለዚህ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር የተናቅኩም መሰለኝ። የዐቢይ ጾም ስለነበር ሆቴሉ ያቀረበውን አይብና ቅቤ ገፍቼ በዳቦና በማርማላታ እራቴን በላሁ። አስተናጋጇ ምግቡን ጠላው ብላ ተጨነቀችና ሁለት ብርቱካን ከራሷ አምጥታ አጠገቤ አኖረች።

ሐሙስ

ስብሰባው እንደ ስብሰባ አለፈ። አሥር ሰዓት ላይ ላንሲ ወደሚባለው ሰፈር በትራም ሄድኩ። እዚያ የጥንት ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ አሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ቤታቸው ከአክስቴ ቤት በአንድ አጥር ይለያል፤ አሁን ጄኔቭ ውስጥ ቢሮ ያጸዳሉ። የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ፐርሚ ይሉታል፣ በእመቤታችን ሥዕል ክፈፍ ሥር ሸጉጠውታል። ምስር ወጥ በዳቦ አቀረቡልኝ፤ ጎረስ ጎረስ ካደረግኩ በኋላ ነገሩን አወጣሁት።

ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሡ፤ ከዚያ ከጎረቤት የሚለየውን ግድግዳ አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉት።

«ሁለት ዓመት?» አሉ በሹክሹክታ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የሞተች እናት ደህና ነኝ ስትለው?»

  አልቅሰው ሲወጣላቸው ግን ወዲያው ወደ ሥርዓቱ ገቡ። ብቻህን አትነግረውም አሉኝ። ዙሪክ ውስጥ የሚያውቋቸው አንድ ባልና ሚስት አሉ፤ እነሱን ይዘው እሁድ ጎሕ ሲቀድ በሩን ሊያንኳኩ፣ እኔም እስከዚያ አንድ ቃል ሳይወጣኝ እንደ እንግዳ ቤቱ ላድር ተስማማን። አንድ ነገር ብቻ አሳሰባቸው። በዚህ አገር እሁድ የጸጥታ ቀን ነው፤ ጠርሙስ እንኳ እሁድ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይወረወርም፣ ድምፁ ጎረቤት ይረብሻልና። 

«ለቅሶስ?» አልኳቸው።

«ለቅሶ በደንቡ ላይ አልተጻፈም» አሉ። «ስለማያለቅሱ ይሆናል።»

ዓርብ

ፓስፖርታችንን የያዙት የቡድናችን መሪ ጓድ ታደሰ ናቸው። ካድሬ ናቸው፤ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ከድቶ የቀረ ዘመድ ልጠይቅ ማለት ራስን ማሰር ነውና ሌሊቱን ሰበብ ሳወጣና ሳወርድ አድሬ ጠዋት ፊታቸው ስቆም ሰበቡ ሁሉ ጠፋኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። 

«ለመርዶ ከሆነ ሂድ» አሉ። «እሁድ ማታ ካልተመለስክ ግን መርዶ የሚረዳው የእኔ ቤተሰብ ነው።»

ከእትዬ ጽጌ ጋር ባቡር ተሳፈርን። እዚህ አገር ባቡር ሊነሣ ሲል አይጮኽም፣ አያስጠነቅቅም፣ ሰው አይጠብቅም። አንዲት ሽማግሌ ሴት ሻንጣዋን ማውረድ አቅቷት አየሁና ወርጄ መድረኩ ላይ አኖርኩላት። አመሰገነችኝ። እኔም እንደ ወጋችን እጅ ነሣሁ፤ ደገመች፣ ደገምኩ። ቀና ስል በሩ ተዘግቷል። እትዬ ጽጌ በመስኮቱ ውስጥ እጃቸውን እያርገበገቡ ወደ ዙሪክ ሄዱ። ሽሮው ከሳቸው ጋር ነው፣ ካፖርቴም ከሳቸው ጋር ነው። እኛ አገር ለገሃር ቢሆን ኖሮ ሹፌሩን በስሙ ጠርተን እናቆመው ነበር። ሴትዮዋ የሆነውን ስታይ ከእኔ ይልቅ ደነገጠች፤ የሚቀጥለው ባቡር እስኪመጣ ሻይ ገዝታ አጠገቤ ተቀመጠች። በማንኛችንም ቋንቋ አልተግባባንም፤ ብቻ ሰዓቷን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች።

ዙሪክ ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው፣ ስደርስ እትዬ ጽጌ ካፖርቴን አቅፈው ቆመዋል። ካፖርቱንና ሽሮውን አስረክበውኝ ስዩም ሳያያቸው ወደ ባልና ሚስቱ ቤት ተለዩኝ። እሱ፣ መምጣቴን በስልክ ነግሬው ስለነበር፣ ዘግየት ብሎ ከሥራ ወደ ጣቢያው መጣ።

ስዩምን ሳየው ክው አልኩ። ሲሄድ ጎረምሳ ነበር፤ አሁን ፀጉሩ ከግራና ከቀኝ ሸብቷል። ተቃቅፈን ቆየን። ዓሣ ዓሣ ይሸታል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አገር ፈትተውታል ማለት ነው ብዬ በሆዴ ታዘብኩት። ዜባህ በሚባለው የከተማው ዳር አንዲት ክፍልና ኩሽና ያለች ቤት አለችው። ደረጃው ላይ የሕንፃው ዘበኛ፣ ሃውስማይስተር የሚሉት፣ ጫማዬን አየ፤ ስዩምም በፍጥነት ምንጣፉ ላይ እንድጠርገው አደረገኝ።

ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ጠየቀኝ።

«እናቴ እንዴት ናት?»

ይህን ጥያቄ በአውሮፕላን ውስጥ፣ በትራም ውስጥ፣ በባቡር ውስጥ ተለማምጄዋለሁ። «ደህና ናት» አልኩት። «ጉልበቷም ተሽሏታል።»

አንድ አፍታ አየኝና ውሃ ላምጣልህ ብሎ ወደ ኩሽና ገባ። ቆየ። ቧንቧው ሲፈስ ይሰማኛል። ሲመለስ ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ አመለጥኩ ብዬ ተነፈስኩ። አልጋውን ለእኔ ለቀቀና እሱ ኩሽና ውስጥ ተኛ።

ቅዳሜ

ቅዳሜም ይሠራል። ሆስፒታሉን ላሳይህ አለኝ። በባቡር ሄደን ዲቲኮን የምትባል ከተማ ወረድን፤ ከወንዙ ዳር የቆየ የቀለም መንከሪያ ፋብሪካ ደረስን። የሕመምተኛ መኪና የለም፣ ነጭ የለበሰች ነርስ የለችም። በሩ ሲከፈት የዓሣው ሽታ ተቀበለኝ፤ ከዚያ የሳል ድምፅ። እንደ ትልቅ ሰው ሳል ነው፤ ወፍራም፣ የቆየ ሳል። ጠጋ ስል ከገንዳው ውስጥ ጥቁር፣ ርጥብ፣ ጢማም ፊት ብቅ አለ። ጎማ የለበሰ ውሻ ይመስላል። እግር የለውም፤ ሰፋፊ መቅዘፊያ አለው። የባሕር አንበሳ ይባላል አለኝ ስዩም። ይህን ስንባባል ከኋላዬ ሌላው ባርኔጣዬን ከራሴ መንትፎ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ዞሮ መጥቶም ለስዩም በአፉ አቀበለው። ሰርከስ ውስጥ የተማረው ነው አሉ።

ከባርኔጣው የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው።

«ሆስፒታል አላልክም?» አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለ። «ካርድ አላቸው፣ ሐኪም አላቸው፣ መድኃኒት በሰዓቱ ይወስዳሉ።»

እውነቱን ነው፤ አላቸው። በየገንዳው ላይ ስም፣ ትኩሳት፣ ክብደት፣ ጠዋት የበላው፣ ያልበላው ተጽፎ ተሰቅሏል። ሐኪሙ አንዱን መርፌ ወግቶ መርፌውን ጣለው። ለሚቀጥለው አዲስ ከፈተ፤ እሱንም ጣለው። እኔ አንዲቱን መርፌ ቀቅዬ ቀቅዬ መንደር ሙሉ ከብት የምከትብ ሰው ነኝ። መጣያውን ቆሜ ሳይ ስዩም ክንዴን ይዞ ወሰደኝ። የእሱ ሥራ በረዶ የሠራ ዓሣ ማቅለጥ፣ መመዘን፣ በያንዳንዱ ዓሣ ጉሮሮ አንዳንድ ክኒን መወሸቅ ነው። ጣቶቹ በቅዝቃዜው ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል። አክስቴ ልጄ ሐኪም ሊሆን ነው ስትል በዓይኔ መጣችብኝና ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም። አንድ ሰው ለእናቱ ይዋሻል? እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ የራሴን ዘጠኝ ደብዳቤ አስባለሁ።

የሆስፒታሉ ባለቤት ፍራው ሁበር፣ ወይዘሮ ሁበር ማለት ነው፣ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። የእንስሳት ሐኪም መሆኔን ሲሰሙ እጄን አልለቀቁም። በርጩማ አስመጥተው፣ ገብስ በድንች የተቀቀለበት ሾርባ ፊቴ አኑረው፣ ስዩምን አስተርጓሚ አድርገው የሆስፒታሉን ታሪክ ጀመሩ።

አባታቸው የዚህ ሸለቆ የፈረስ ሐኪም ነበሩ። አንድ ክረምት ተዘዋዋሪ ሰርከስ አንዲት የምታስል የባሕር አንበሳ ይዞ መጣ፤ ሲሄድ አትተርፍም ብሎ ጥሏት ሄደ። አባትየው እንዲህ ያለ ፍጥረት በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። ፋብሪካው ተዘግቶ ስለነበር ከቀለም መንከሪያው ገንዳ አንዱን አጥበው ከተቷት። የወንዝ ውሃ ስለሰጧት ዓይኗ እንደ ወተት ነጣ። ጨው እንደሚያስፈልጋት ያኔ ገባቸው፤ ከጨው ማዕድን ማውጫ በጆንያ እያስመጡ በባሕር አልባ አገር ባሕር በጠበጡ። ሰፈሩ ሳቀባቸው። እንስሳዋ ግን ዳነች። ወሬው ተዛመተና ሰርከሱም፣ የአራዊት ማሳያውም የታመመበትን ሁሉ ይልክላቸው ጀመር።

ቀጥሎ ከሰሜን ባሕር ዳር የባሕር አንበሳ ዘመድ የሆነ አውሬ ሦስት እናት የሌላቸው ግልገሎች በሣጥን፣ በባቡር መጡ። የላም ወተት በማር ሰጧቸው። በሳምንት ውስጥ ሦስቱም ሞቱ። የላም ወተት አንጀታቸው አይችለውም፤ ዛሬ ዓሣ ፈጭተው በዘይት ለውሰው ነው በቀጭን ቱቦ የሚያጠጧቸው። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ፤ እኛ አገር ወተት ለታመመ ሁሉ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

«ጡጦውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አሉ ፍራው ሁበር። «ልጅ ነበርኩ። በገዛ እጄ።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ወሰዱኝ። ፎቶግራፍ በፎቶግራፍ ነው። ከታች የዳኑት ናቸው፤ ከላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ እነዚያ ሦስቱ ግልገሎች። አጠገባቸውም በምን እንደሞቱና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተጽፏል። የገደሉትን ከላይ የሚሰቅል ሆስፒታል እዚያ አየሁ። እኔ ያን ያህል ዓመት ስሠራ ያጠፋሁትን ጥጃ አንድም ቀን በሪፖርት አልጻፍኩም።

መጨረሻ ላይ በአንድ ፎቶ ፊት ቆሙ። ማክስ ይባል ነበር። በየጠዋቱ ዓሣውን ይበላል፣ ሰርከስ ያስተማረውን ጭብጨባ ያጨበጭባል፤ አንድ ቀን ዓሣ አልበላም ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አጨብጭቦ ዓሣውን በልቶ ሞተ። ሲከፍቱት ሳንባው ሁሉ መግል ነበር። እነዚህ እንስሳት ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ ባሕር ውስጥ የታመመ ሲታይ ይበላልና። ፍራው ሁበር የተናገሩትን ስዩም እንዲህ ብሎ ተረጎመልኝ፦

«የሚጮኸውን፣ የሚነጫነጨውን አልፈራለትም ይላሉ። በየቀኑ ደህና ነኝ የሚለው ነው የሚያስፈራቸው።»

 ሴትዮዋ ሌላ ነገር ቀጠሉ፤ ስዩም ግን መተርጎሙን ረሳው። ደክሞታል ብዬ አሰብኩ። ስንወጣ ፍራው ሁበር ባርኔጣዬን ምድጃ ላይ አድርቀው፣ ሽታውን ግን ሊያስለቅቁት እንዳልቻሉ ይቅርታ ጠይቀው ሰጡኝ።

እሁድ

ጎሕ ሳይቀድ ነቃሁ። እትዬ ጽጌ ደወሉን ከመጫናቸው በፊት ስዩምን ቀስ ብዬ ላዘጋጀው ነበር ሐሳቤ። የክፍሉን በር ስከፍት ደርቄ ቀረሁ። የኩሽናው ጠረጴዛ ወደ ጥግ ተገፍቷል። ፍራሹ መሬት ላይ ተነጥፎ በጥቁር ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ሦስቱ ከሌላ ሰው የተዋሳቸው መሆን አለበት፣ ትናንት አላየኋቸውም። ስዩም ጥቁር ኮቱን ለብሶ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል።

ያኔ ደወሉ ተደወለ። እትዬ ጽጌና ባልና ሚስቱ ጥቁር ለብሰው ገቡ፤ ፍራሹን ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቆሙ። እትዬ ጽጌ ዞረው በዓይናቸው ነገርከው ወይ አሉኝ። አልነገርኩትም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ግቡ» አለ ስዩም። «ሁለት ዓመት ስጠብቃችሁ ነበር።»

«ማን ነገረህ?» አልኩት። 

«አንተ ነህ የነገርከኝ» አለ። «እናቴ በሕይወቷ ጉልበቴ ተሽሎኛል ብላ ታውቃለች? ያን ደብዳቤ ያነበብኩ ቀን ሞታለች አልኩ።»

 ልጁን ከሐዘን አድነዋለሁ ብዬ በጻፍኳት በዚያች አንዲት መስመር ነው ያረዳሁት። ያውም ብቻውን፣ ከዓሣ ሥራ ገብቶ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ሲያነብ።

«ታዲያ ለምን ትመልስ ነበር?» አሉት እትዬ ጽጌ።

«ሰምቻለሁ ብዬ ብጽፍ ማን ሊያስለቅሰኝ ነው? ብቻዬን ምን ብዬ ላልቅስ? ሰው እስኪመጣ ቆየሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «አሁን ንገረኝ። በወጉ ንገረኝ።»

የሚያውቀውን ነገር ለሰው መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን አየሁ። ሁላችንም ቆምን። «ስዩም ወንድሜ» አልኩት፤ «እናትህ ወይዘሮ ዘነበች ዐርፋለች። በወጉ ተቀብራለች፣ ተዝካሯም ወጥቷል። እግዚአብሔር ያጥናህ።» እሱ ገና አሁን እንደሰማ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የእሁዱን ጸጥታ ያስታወሰ ሰው አልነበረም። እትዬ ጽጌ ደረታቸውን እየመቱ አክስቴን በስሟ ጠርተው አለቀሱላት፤ የጎረቤቷን ዶሮ ሳይቀር አነሡ። እኔም በቀብሯ ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ።

በሩ ተንኳኳ። ሃውስማይስተሩ ነው፤ የቤት ነጠላ ጫማውን አድርጎ፣ ፊቱ ተቆጥቶ። ስዩም ሊነሣ ሲል እትዬ ጽጌ ቀድመውት ሄዱና በሚያውቋት ሁለት የጀርመን ቃል እናቱ ሞታ ነው አሉት። ሰውዬው ወደ ውስጥ አየ፤ ፍራሹን፣ ጥቁሩን ልብስ። ምንም ሳይል ሄደ። ፖሊስ ሊጠራ ነው ብዬ ስፈራ ከሚስቱ ጋር ተመለሰ፤ ኮት ለብሷል፣ ሚስቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ይዛለች። ሁለቱም ወንበር ይዘው ተቀመጡ። አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ለቅሶው እስኪበርድ ቆዩ። ለቅሶ መድረስ ማን አስተማራቸው? እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከሰዓት በኋላ ስዩም ሁለት እሽግ ደብዳቤ አወጣ።

«ይኸኛው የእሷ ነው፤ ይኸኛው የአንተ» አለኝ።

የእሷ ከመገለጥ ብዛት ጠርዙ ተበልቷል። የእኔ አዲስ እንደሆነ ነው። ይቅር በለኝ አልኩት። እሱም ይቅር በለኝ አለ፤ ሆስፒታሉን ማለቱ ነው። ዓሣ እቆርጣለሁ ብሎ ለእናቱ መጻፍ አፍሮ እንደነበረ፣ ከጊዜ በኋላ ማፈሩ ለቆት ሳለ የሚጽፍላት እናት እንዳጣ ነገረኝ። ወደ ባንሆፍ ሲሸኘኝ ባቡሩ በር ላይ ብዙ አልተሰናበትንም፤ የዚያን አገር ባቡር አውቀነዋል።

ማታ ጄኔቭ ስደርስ ጓድ ታደሰ የሆቴሉ በር ላይ ቆመው ነበር። «አለቀሰ?» አሉኝ። አለቀሰ አልኳቸው። «ጥሩ» ብለው ገቡ።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ለቤተ ዘመዱ ሁሉን ነገርኩ፤ የአስም መድኃኒቱን ለሚጠብቁት ጎረቤቶችም ሆስፒታሉ የማን እንደሆነ አስረዳሁ፣ አላመኑኝም። ባለፈው ሳምንት ከስዩም ደብዳቤ መጣ። ለእኔ በስሜ የተላከ የመጀመሪያው ነው። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ አነበብኩላቸው። ወገቡን ክፉኛ ያመዋል። ጣቶቹ በበረዶው ተሰነጣጥቀው ሌሊት ያሳክኩታል። የዓሣው ሽታ ከአንሶላው አልወጣ ብሎታል። ሃውስማይስተሩ እንደገና ስለ ጫማ ይነዘንዘዋል፣ የላክነው ሽሮ ጨው በዝቶበታል፣ ደብዳቤም ቶሎ አትጽፉልኝም ብሎ ግማሽ ገጽ ወቅሶናል።

አንብቤ ስጨርስ ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። ታላቅ አጎታችን ከንፈራቸውን መጠጡና ምን ሆነ ልጁ አሉ።

«ምንም አልሆነም» አልኳቸው። «ደህና ነው።»